ሐና አረንት ያላለችውን አታስብሏት

የሆነ ባለሥልጣን ወይም ወታደር ፍርድ ቤት ቀርቦ «ታዝዤ ነው» ባለ ቁጥር አንድ ሰው ብቅ ይልና «ሐና አረንት እንዳለችው» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ብዙውን ጊዜ እሷ ያላለችው ነው። አንዳንዴ እንዲያውም ልክ ተቃራኒው። ታሪክ አስተምራለሁ። ይሄን ነገር ከተማሪ ወረቀት፣ ከሬዲዮ ውይይት፣ ብዙ አንብበናል ከሚሉ ጓደኞቼ አፍ መስማት በእውነት ሰልችቶኛል። ስለዚህ አንድ በአንድ እንሂድ።

መጀመሪያ ለማያውቀው ሰው ባጭሩ። አዶልፍ አይክማን ኤስኤስ በሚባለው የናዚ ታጣቂ ድርጅት ውስጥ ሌተናል ኮሎኔል ነበር፤ አይሁዶችን ከየአገሩ ሰብስቦ በባቡር ወደ ሞት ካምፖች የመላኩን ሥራ የሚያደራጀው ክፍል ኃላፊ። ከጦርነቱ በኋላ አርጀንቲና ውስጥ ሪካርዶ ክሌመንት በሚል ስም ተደብቆ ኖረ። በ1960 የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ ያዘው። በ1961 ኢየሩሳሌም ላይ ለፍርድ ቀረበ፣ በ1962 ተሰቀለ። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አረንት ከናዚዎች ያመለጠች ጀርመናዊት አይሁዳዊት ፈላስፋ ናት። ችሎቱን ለኒውዮርከር መጽሔት ዘገበች። ዘገባው በ1963 «አይክማን በኢየሩሳሌም» ተብሎ፣ «ስለ ክፋት ተራነት የቀረበ ዘገባ» ከሚል ንዑስ ርዕስ ጋር መጽሐፍ ሆነ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሰው ሁለት ጎራ ለይቶ ይጣላበታል። የሚገርመው ሁለቱም ጎራ መጽሐፉን የሚያጣምመው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ሁለቱም አይክማንን ነፃ ያወጣችው ይመስላቸዋል። አንዱ ለዚህ ያደንቃታል፣ ሌላው ለዚህ ይረግማታል።

«አይክማን ትእዛዝ ፈጻሚ ብቻ ነበር ብላለች»

አላለችም። ይሄ የተከላካይ ጠበቃው የሮበርት ሰርቫቲዩስና የአይክማን የራሱ መከራከሪያ ነው። ተከሳሽ ነፍሱን ለማዳን የተናገረውን አንስቶ ችሎቱን ለዘገበችው ሴት ማሸከም ምን የሚሉት ንባብ ነው?

መጽሐፉን የከፈተ ሰው የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው። ሃንጋሪን እንይ። በ1944 አይክማን ራሱ ቡዳፔስት ድረስ ሄደ። ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ባለው ስምንት ሳምንት ገደማ ውስጥ ወደ 437,000 አይሁዶች በባቡር ተጭነው ተወሰዱ፣ አብዛኞቹ ወደ አውሽቪትዝ የሞት ካምፕ። በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ ጀርመን መሸነፏ ሲታወቅ፣ ትልቁ አለቃው ሂምለር ራሱ ግድያው ይቁም ማለት ጀመረ። ትእዛዝ ፈጻሚ ብቻ የሆነ ሰው እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? ያቆማል። አይክማን ግን አላቆመም። ባቡር ሲያጣ የቡዳፔስትን አይሁዶች፣ ሴት ሽማግሌ ሳይል፣ በኅዳር ብርድ በእግራቸው ወደ ኦስትሪያ ድንበር አስነዳቸው።

ይሄን አረንት አልደበቀችም፤ ራሷ ሰፊ ቦታ ሰጥታ ትተነትነዋለች። የደረሰችበት መደምደሚያም ከባድ ነው። አይክማን የሂምለርን ትእዛዝ የተቃወመው ከሂትለር ፈቃድ ጋር የሚጋጭ ስለመሰለው ነው። ለእሱ ሕግ ማለት የሂትለር ፈቃድ ነበር፣ ሕግ አክባሪ መሆን ደግሞ ከመታዘዝ አልፎ ሕጉን ራስህ ያወጣኸው ያህል ሆነህ መሥራት ነው። ይሄ ምርጫ ያጣ ምስኪን ጸሐፊ ነው? አይደለም።

አንድ ተማሪዬ ስለዚህ መጽሐፍ ሲያዩት ደህና የሚመስል ወረቀት አመጣልኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «አረንት እንደምትለው አይክማን ምርጫ አልነበረውም» ይላል። የትኛው ገጽ ላይ ነው አልኩት። ገጽ የለውም። ከቪዲዮ ነው የወሰደው፣ ቪዲዮውን የሠራው ሰው ደግሞ ከሌላ ቪዲዮ። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ሁሉም ሰው አንድ ነገር ሲደጋግም ማን መጽሐፍ ይከፍታል?

ታዲያ ተራ ያለችው ምኑን ነው? ሰውየውን እንጂ ወንጀሉን አይደለም። ጭራቅ ይጠብቅ የነበረው ችሎት ያየው በተለመደ አባባል ብቻ የሚያወራ፣ አንድን ነገር ከሌላ ሰው ቦታ ሆኖ ማየት ፈጽሞ የማይችል ሰው ነው። መሰቀያው ሥር ቆሞ እንኳ ከሞት በኋላ ሕይወት አለ ብሎ እንደማያምን ተናገረና ወዲያው «ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁላችንም እንገናኛለን» አለ። ለቀስተኛ የሚናገረውን ነገር በራሱ ሞት ላይ ተናገረው። «የክፋት ተራነት» የሚለው ዝነኛ ሐረግ ከንዑስ ርዕሱ ውጭ በዋናው ሐተታ ውስጥ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው፣ አንዴ ብቻ። ሰው ይሄን ሐረግ ይዞ ሲዞር ከየት እንደተነሳ አይነግራችሁም።

ሌላም አለ። በመደምደሚያው ላይ አረንት ዳኞቹ ቢሉት ደስ ይላት የነበረውን ፍርድ በራሷ ቃል ለአይክማን ትጽፍለታለች። ፖለቲካ መዋእለ ሕፃናት አይደለም፣ በፖለቲካ መታዘዝና መደገፍ አንድ ነው ትለዋለች። አንተ ከአይሁድ ሕዝብና ከሌሎች ሕዝቦች ጋር ምድርን መጋራት አልፈለግህም፣ ስለዚህ ማንም ሰው ከአንተ ጋር ምድርን ሊጋራ ይፈልጋል ተብሎ አይጠበቅም፣ መሰቀል ያለብህም ለዚህ ነው። ከዚህ በላይ ምን ትበል? «ታዝዤ ነው» የሚለውን መከራከሪያ እንዲህ አድርጎ የዘጋ መጽሐፍ ነው እንግዲህ ለታዛዦች መጠለያ የተደረገው።

«ስቅላቱን ተቃውማለች»

የተቃወመው ፈላስፋው ማርቲን ቡበር ነው። እሷ ቡበርን ተችታለች።

«በእያንዳንዳችን ውስጥ አይክማን አለ ትላለች»

ይሄ የስብከት ማድመቂያ ሆኗል። በ1972 ቶሮንቶ ላይ በተደረገ ጉባኤ አንድ ተናጋሪ ይሄንኑ ሲያነሳባት፣ በእርስዎም ውስጥ የለም በእኔም ውስጥ የለም ብላ በግልጽ ክዳዋለች። ግራ መጋባቱ በከፊል የመጣው ከአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከስታንሊ ሚልግራም ነው። በ1961፣ ችሎቱ በተካሄደበት ዓመት፣ የል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሰዎች ሲታዘዙ ለማያውቁት ሰው የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጡ መስሏቸው ማብሪያ የሚጫኑበትን ሙከራ ጀመረ። ውጤቱ ሲታወቅ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ሰፋቸው፣ ሚልግራም ራሱም አረንትን ደገፈ። እሷ ግን ከዚያ ሙከራ ምንም አልወሰደችም።

የእሷ መጽሐፍ የአንቶን ሽሚትን ታሪክ ይዟል። የጀርመን ጦር ሳጅን ነበር፤ ቪልና ውስጥ ለአይሁድ ታጋዮች የሐሰት ወረቀትና የጦር መኪና ይሰጥ ነበር፣ ገንዘብ አልተቀበለም፣ በ1942 ተይዞ ተገደለ። ስሙ ችሎቱ ላይ ሲነሳ አዳራሹ ጸጥ አለ። ዴንማርክም አለች፤ በ1943 ከ7,000 በላይ አይሁዶች በጀልባ ወደ ስዊድን የተሻገሩት የአገሬው ሰው እምቢ ስላለ ነው። አረንት ይሄን ሁሉ የምታመጣው አብዛኛው ሰው በሽብር ሥር ይንበረከካል፣ አንዳንዱ ግን አይንበረከክም ለማለት ነው። ሁላችንም አይክማን ከሆንን ሽሚትን የት እናስገባዋለን?

«አይሁዶችን በራሳቸው ሞት ወቅሳለች»

እዚህ ላይ ተረጋግቼ መጻፍ አለብኝ፤ ምክንያቱም ይሄኛው ግማሽ ሐሰት ግማሽ እውነት ነው።

ሐሰቱ ይሄ ነው፦ «ለምን አልተዋጉም ብላለች» ይባላል። ከሞት የተረፉ ምስክሮችን «ለምን አልተቃወማችሁም?» እያለ ይጠይቅ የነበረው ዐቃቤ ሕጉ ጌዲዮን ሃውስነር ነው። አረንት ጥያቄውን ጭካኔ ነው ብላ ነቅፋዋለች። ሌላ ሕዝብም በዚያ ሁኔታ የተለየ ነገር አላደረገም አለች፤ በ1941 አምስተርዳም ውስጥ የተነሱ አይሁዶች ምን እንደደረሰባቸውም አስታወሰች። 430 ሰዎች ተይዘው ቡኸንቫልድና ማውትሃውዘን በተባሉ ካምፖች ውስጥ እየተሠቃዩ እንዲሞቱ ተደርገዋል።

እውነቱ ደግሞ ይሄ ነው። ናዚዎች በየከተማው ያቋቋሟቸው የአይሁድ ምክር ቤቶች ነበሩ። ስም ዝርዝር ያዘጋጁ ነበር፣ ንብረት ይመዘግቡ ነበር። አረንት የእነዚህን መሪዎች ትብብር ከጨለማው ታሪክ ሁሉ ጨለማው ምዕራፍ አለችው። በዚህም አላበቃችም፤ ሕዝቡ መሪም ድርጅትም ባይኖረው ኖሮ የሞተው ሰው ቁጥር ያን ያህል አይደርስም ነበር ብላ ጻፈች። ይሄን ለማለት በቂ ማስረጃ አልነበራትም። ኪየቭ ዳር ባቢ ያር ላይ በመስከረም 1941 በሁለት ቀን 33,771 አይሁዶች ሲረሸኑ ዝርዝር ያዘጋጀ የአይሁድ ምክር ቤት አልነበረም። ከዐቃቤ ሕጉ ረዳቶች አንዱ የነበረው ያዕቆብ ሮቢንሰን በ1965 ስህተቶቿን እየለቀመ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አወጣባት። በ1972 ደግሞ የታሪክ ተመራማሪው ኢሳያስ ትሩንክ ምክር ቤቶቹ አንድ ዓይነት እንዳልነበሩ በሰነድ አሳየ። የዋርሶው ምክር ቤት መሪ አዳም ቼርኒያኮቭ ሕዝቡ ሊጋዝ ሲል በሐምሌ 1942 ራሱን አጠፋ። የሎጁ መሪ ሩምኮቭስኪ በዚያው ዓመት ልጆቹን ለጀርመኖች ሊያስረክብ እናቶችን ልጆቻችሁን ስጡኝ አለ። እነዚህን ሁለት ሰዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር መጠቅለል አይቻልም። እሷ የጻፈችበት ድምፅ ደግሞ የቆሰለ ሰው የሚሰማው ድምፅ አልነበረም። የተረፉት ሰዎች ቢቆጡ እውነት አላቸው።

ስለዚህ «አይሁዶችን ወቅሳለች» ብሎ የሚጽፍ ሰው ያጣምማል፤ «ምንም አላለችም፣ ስሟን አጠፉት» የሚለው አድናቂዋም ያጣምማል።

«የራሷን ሕዝብ የምትጠላ ሴት ናት»

በ1933 በርሊን ውስጥ የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ ያሰራት ለጽዮናውያን ድርጅት የፀረ አይሁድ ጽሑፎችን ስትሰበስብ ነው። ፓሪስ ተሰዳ የአይሁድ ልጆችን ወደ ፍልስጥኤም በሚልክ ድርጅት ሠራች፣ በ1940 እዚያው ፈረንሳይ ጉርስ ካምፕ ታሰረች፣ በ1941 አሜሪካ ገባች። የአይሁድ ምሥጢራዊ ሃይማኖት ሊቁ ጌርሾም ሾለም በ1963 ለሕዝብሽ ፍቅር የለሽም ብሎ ሲጽፍላት፣ እኔ ማንንም ሕዝብ በጅምላ ወድጄ አላውቅም፣ የምወደው ወዳጆቼን ነው ብላ መለሰችለት። ሰው በዚህ መልስ ሊናደድ ይችላል። ጥላቻ ግን አይደለም።

ይሁንና ከችሎቱ መክፈቻ ሰሞን ለመምህሯ ለፈላስፋው ካርል ያስፐርስ በላከችው ደብዳቤ ስለ ምሥራቅ አይሁዶችና አረብ ይመስላሉ ስላለቻቸው ፖሊሶች የጻፈችው ንቀት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። እስራኤል ያሉ አንባቢዎቻችን ሲያነቡት የሚሰማቸውን መገመት አያቅተኝም። መጽሐፉ ራሱ በዕብራይስጥ የወጣው በ2000 ነው፤ እስከዚያ ድረስ እስራኤል ውስጥ ብዙ ሰው ሲከራከርበት የኖረው በወሬ ነበር።

«ችሎቱን አልተከታተለችም»

በከፊል ተከታትላለች፣ የቀረውን ከቃለ ጉባኤ አነበበች። ሃውስነር በሐምሌ አይክማንን ሲያፋጥጠው ግን አልነበረችም፣ ይሄ እውነተኛ ጉድለት ነው።

«አዲስ የተገኙት ቅጂዎች መጽሐፉን ገደሉት»

ጀርመናዊቷ ፈላስፋ ቤቲና ሽታንግኔት በ2011 ባወጣችው ጥናት አይክማን በ1957 አርጀንቲና ውስጥ ለቀድሞው ኤስኤስ ጋዜጠኛ ቪለም ሳሰን የተናገረውንና በቴፕ የተቀዳውን በሰፊው ተንትናለች። እዚያ ላይ 10.3 ሚሊዮን አይሁዶችን ገድለን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር ይላል። ይሄ ሰው ኢየሩሳሌም ላይ ትንሽ ጸሐፊ መስሎ የቀረበው ትወና ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ ሽታንግኔት ትክክል ናት እላለሁ፤ አረንት በሰውየው ላይ ያላት ሥዕል ጎዶሎ ነው። ግን «አታውቅም ነበር» አትበሉ። የሳሰን ቃለ ምልልስ ከፊሉ በ1960 ላይፍ መጽሔት ላይ ወጥቷል፣ እሷም ጠቅሳዋለች። አምስት ሚሊዮን ሰው በኅሊናዬ ይዤ እየሳቅሁ መቃብሬ እገባለሁ ማለቱንም ጽፋለች። ጉራ ነው ብላ አለፈችው። የተሳሳተችው ማስረጃውን በመመዘን ነው።

«ሚዛናዊ መሆን ማለት ለሁለቱም ወገን እኩል መስመር መስጠት ነው»

አይደለም። «አንዳንዶች ሲያደንቁት ሌሎች ይነቅፉታል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለአንባቢ ምንም አይነግረውም። ማን ነቀፈው? የቱን ገጽ? በምን ማስረጃ? ስለዚህ መጽሐፍ የምትጽፉ ከሆነ መጀመሪያ እሷ ያለችውን ጠላቷ እንኳ «አዎ ብላለች» በሚለው መልክ አስቀምጡ፤ ከዚያ የተቺዎቿን ጠንካራውን ነጥብ አምጡ፣ ደካማውን መርጣችሁ አትምቱ። የምክር ቤቶቹን ነገር አትዝለሉ። በተቺ መጽሐፍ ውስጥ ያገኛችሁትን ጥቅስ ከእሷ መጽሐፍ ላይ ሄዳችሁ ሳታዩ አትጻፉ።

ይሄን ክርክር ከሆሎኮስት ካጆች ጋር የምትቀላቅሉም ተዉ። አረንትም ተቺዎቿም ግድያው መፈጸሙን ለአንድ ደቂቃ አልተጠራጠሩም። ሆሎኮስትን የካደው እንግሊዛዊ ጸሐፊ ዴቪድ ኧርቪንግ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሰነድ ሆን ብሎ እንዳጣመመ በ2000 የለንደን ዳኛ ወስኖበታል። ካጅ አለችኝ ብሎ የከሰሳት የታሪክ ምሁር፣ ዴቦራ ሊፕስታት፣ ራሷ የአረንት ጠንካራ ተቺ ናት። እስራኤል አይክማን እስር ቤት የጻፈውን ማስታወሻ የለቀቀችውም ለእሷ መከላከያ እንዲሆን ነው።

የምትጠቅሱትን እትምም ጻፉ። አረንት ከትችቱ በኋላ መጽሐፉን አሻሽላ፣ ለተቺዎቿ መልስ ጨምራ በ1965 አውጥታዋለች። በ1963ቱ እትም ላይ የበርሊኑን ረቢ ሊዮ ቤክን፣ ከቴሬዘንሽታት ካምፕ የተረፉትን አዛውንት፣ «የአይሁድ ፉረር» (ፉረር የሂትለር መጠሪያ ነው) የሚል አገላለጽ ነበረበት። በኋላ ሰርዛዋለች። የመጀመሪያውን ይዞ ዛሬም እንዳለ አድርጎ የሚያቀርብ ተቺ አለ፣ የኋለኛውን ይዞ ፈጽሞ አልተባለም የሚል አድናቂም አለ። ሁለቱም መደርደሪያቸው ላይ ያለው መጽሐፍ ስንተኛው እትም እንደሆነ አላዩም።