ስለ አኒሜሽን ፊልሞች ትርፍና ኪሳራ፦ ፍላሽ ቤት የሚወራውና እውነታው

ጅማ ውስጥ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭን ልጅ አለ። ሱቁ አንድ ኮምፒውተርና ሁለት የጅማ በርጩማ ብቻ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት የእህቴን ልጅ ይዤ እሄዳለሁ። እሱ ፍላሹን ይሰጣል፣ እኔ በርጩማ ስቤ ወሬ እሰማለሁ። ወሬው ብዙ ጊዜ ኳስ ነው። ባለፈው ግን ካርቱን ሆነ። የትኛው ፊልም አተረፈ፣ የትኛው ከሰረ፣ ለምን? ሁሉም በእርግጠኝነት ያወራል፣ ግማሹ ደግሞ ልክ አይደለም። የባጃጁ ጩኸት እዚያ አላስጨረሰኝም፤ እዚህ ልጨርሰው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

«200 አውጥቶ 226 ካስገባ አትርፏል»

ይሄን ያለው ባለሱቁ ነው። በ2022 ስለወጣው የፒክሳር (የዲስኒ ንብረት የሆነ የአሜሪካ ካርቱን ሠሪ ድርጅት) ፊልም፣ ስለ «ላይትይር» እያወራ ነበር። የተሠራበት ወጪ 200 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። በዓለም ዙሪያ በትኬት የተሰበሰበው ደግሞ 226 ሚሊዮን ገደማ። «በቃ፣ 26 ሚሊዮን ኪሱ ገባ!» አለ። መቀነሱ ላይ አልተሳሳተም። የቀነሰው ግን የሌላ ሰው ገንዘብ ካለበት ድምር ላይ ነው።

ጅማ ላይ ይሄን ማስረዳት ቀላል ነው። ውጭ አገር አንድ ስኒ ቡና በስንት እንደሚሸጥ አይቶ «የጎማ ወረዳ ቡና ገበሬማ ሀብታም ነው» የሚል ሰው ቢመጣ እንስቅበታለን። እሸቱን ከገበሬው የሚገዛ ሰብሳቢ አለ። አቅራቢ አለ። ላኪ አለ። ባሕር ማዶ ደግሞ ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ አፍልቶ የሚሸጥ አለ። ሁሉም የየድርሻውን ያነሳል። ቦክስ ኦፊስ እየተባለ የሚነገረው ቁጥርም የስኒው ዋጋ ነው፤ ተመልካቹ በር ላይ የከፈለው ሙሉ ገንዘብ።

ከዚያ ላይ ሲኒማ ቤቶች በግርድፉ ግማሹን ያስቀራሉ። አሜሪካ ውስጥ ስቱዲዮው ከግማሽ ትንሽ ከፍ ሊልለት ይችላል። ቻይና ውስጥ ግን የውጭ ፊልም የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ነው። እንግዲህ 226ቱን ለሁለት ብንከፍለው 113 ሚሊዮን ይሆናል። ገና ከወጪው በታች ነን።

በዚያ ላይ 200 ሚሊዮኑ የመሥሪያው ብቻ ነው። ፖስተሩ፣ የቲቪ ማስታወቂያው፣ በየከተማው የሚሰቀለው ቢልቦርድ ሌላ ሒሳብ አለው። ለትልልቅ ፊልሞች ይሄ ብቻውን በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራል፣ ከመቶ ሚሊዮን የሚያልፍበትም ጊዜ አለ። ለዚህ ነው የፊልም ንግድን የሚከታተሉ ሰዎች አንድ ፊልም የተሠራበትን ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ካላስገባ አተረፈ የማይሉት። ይሄ ሕግ አይደለም፣ የዓይን ግምት ነው። ቆይቶ ከቴሌቪዥን፣ ከኢንተርኔትና ከአሻንጉሊት የሚመጣ ገንዘብም አለ፤ እሱ በቦክስ ኦፊስ ቁጥር ውስጥ አይገባም።

«እና ልክ እንደ ቡናው ነዋ ጋሼ» አለኝ ባለሱቁ። አዎ፣ ልክ እንደ ቡናው።

«የመጀመሪያው ሳምንት ካልሞቀ አለቀለት»

ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም። የ2023ቱ «ኤለመንታል» በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ያገኘው 30 ሚሊዮን ዶላር እንኳ አልሞላም። ለፒክሳር ይሄ ውርደት ነበር፤ ጋዜጦቹም ወዲያው ቀበሩት። ፊልሙ ግን አልሞተም። ያየው ላላየው እየነገረ ሳምንት በሳምንት ትንሽ ትንሽ እየሸጠ ቀጠለ። ደቡብ ኮሪያ ውስጥማ ከ7 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተቆረጠለት። ዳይሬክተሩ ፒተር ሶን ወላጆቹ ከኮሪያ ወደ አሜሪካ የሄዱ ናቸው። ታሪኩም አገር ጥለው ሱቅ ስለከፈቱ ወላጆችና ሱቁን መረከብ ስላልፈለገች ልጃቸው ነው። መጨረሻ ላይ በዓለም ዙሪያ 500 ሚሊዮን ዶላር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ቆመ።

እኔ እንደሚመስለኝ የካርቱን ተመልካች ከአክሽን ተመልካች የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የአክሽን አፍቃሪ ዓርብ ማታ ካላየ አይተኛም። ቤተሰብ ግን ልጁ ትምህርት ሲዘጋለት፣ እናት ስትመቻት፣ ጎረቤት «ጥሩ ነው» ሲል ይሄዳል።

«የከሰረ ፊልም ቀሽም ፊልም ነው»

ይሄኛው ነው በጣም የሚያናድደኝ።

በ1999 የወጣውን «ዘ አይረን ጃያንት» ውሰዱ። አንድ ትንሽ ልጅ ከሰማይ ከወረደ ግዙፍ ሮቦት ጋር ሲወዳጅ የሚያሳይ ነው። ሲኒማ ውስጥ 31 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ አገኘ፤ ወጪውን እንኳ አልመለሰም። ሃያሲዎቹ ግን ወደውት ነበር። ችግሩ ስቱዲዮው በደንብ ሳያስተዋውቀው መልቀቁ ነው። ሰው ፊልሙ መኖሩን ሳያውቅ ከሲኒማ ወረደ። ኋላ በቴሌቪዥን ደጋግሞ ሲታይ ነው ሰው ያወቀው። ዛሬ ምርጥ ካርቱኖች ሲቆጠሩ እሱን የሚዘል ጥቂት ነው። ካላያችሁት እዩት፣ መሐረብ ግን ያዙ።

ከዚያም ወደኋላ እንሂድ። ዲስኒ በ1940 ሁለት ፊልም አወጣ፣ «ፒኖኪዮ» እና «ፋንታዥያ»። ሁለቱም ዛሬ እንደ ቅርስ ይታያሉ፣ ያኔ ግን ኪሳራ ነበሩ። ምክንያቱ ስዕሉም ታሪኩም አይደለም። አውሮፓ ጦርነት ውስጥ ስለነበረች የዚያ ገበያ ተዘግቶ ነው።

ቀኑም ራሱ ሊገድል ይችላል። የዲስኒ «ትሬዠር ፕላኔት» 140 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት 110 ሚሊዮን ገደማ አስገባ። የወጣው በኅዳር 2002 ነው፤ ሁለተኛው የሃሪ ፖተር ፊልም ከተለቀቀ በ12ኛው ቀን። ገበያ ቀን ትልቁ ነጋዴ ሸራውን ወጥሮ ሰው ከከበበው በኋላ፣ አጠገቡ ትንሽ ጨርቅ አንጥፎ እንደመቀመጥ ነው። ዕቃህ ቢያምርም ማን ዞር ብሎ ያይሃል?

«ብር የፈሰሰበት ያሸንፋል»

በ2011 «ማርስ ኒድስ ማምስ» የሚባል ፊልም ወጣ። ወጪው 150 ሚሊዮን ዶላር፣ ገቢው 39 ሚሊዮን። የሠሩት የተዋናዮችን እንቅስቃሴ እየቀዱ ወደ ኮምፒውተር በመክተት ነው። የሚወጣው ፊት ሰው ይመስላል፣ ግን ሰው አይደለም፤ ዓይኑ ላይ ሕይወት የለውም። የእህቴ ልጅ ቅንጫቢውን አይቶ «አጥፋው፣ ይሄ ሰውዬ ያስፈራል» ነው ያለው። ከቴክኖሎጂ ባለሙያ የተሻለ ትንታኔ ይመስለኛል።

በ2015 የወጣው «ሚኒየንስ» ደግሞ በ74 ሚሊዮን ተሠርቶ ከ1.1 ቢሊዮን በላይ አስገባ። የአኒሜሽን ወጪ በአብዛኛው ደመወዝ ነው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ለዓመታት ቁጭ ብለው የሚሠሩት። ፒክሳር ይሄን ካሊፎርኒያ ውስጥ ይከፍላል። «ሚኒየንስ»ን የሠራው ኢሉሚኔሽን የስዕሉን ሥራ ፓሪስ ውስጥ በጠበቀ በጀት ያሠራል። ስለዚህ አንዱ በ400 ሚሊዮን ገቢ ሲያለቅስ፣ ሌላው በዚያው ገቢ ይጨፍራል።

ከላትቪያ የመጣው «ፍሎው» ደግሞ ከሁሉም ይለያል። በ3.5 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ፣ ብሌንደር በሚባል ከኢንተርኔት በነጻ በሚወርድ ሶፍትዌር ነው የተሠራው። አንዲት ድመት በጎርፍ መሐል በጀልባ ስትንሳፈፍ ያሳያል። አንድም ቃል የሚናገር የለም። በ2025 የኦስካር ሽልማትን ወሰደ፣ ገቢውም ከወጪው ብዙ እጥፍ ሆነ። ንግግር ስለሌለው ትርጉም አያስፈልገውም፤ ጅማም፣ የላትቪያ ዋና ከተማ ሪጋም እኩል ይገባል። ባለሱቁ ሶፍትዌሩ ነጻ መሆኑን ሲሰማ ኮምፒውተሩን በአዲስ ዓይን ማየት ጀመረ።

«ካርቱን የልጅ ነው» እና «አሜሪካ ያልወደደው አይሳካም»

እነዚህን በአንድ ላይ ልለፋቸው። የጃፓኑ «ዲመን ስሌየር፦ ሙገን ትሬን» በ2020 ወጥቶ አገሩ ውስጥ ከ40 ቢሊዮን የን በላይ በመሰብሰብ የጃፓንን የምንጊዜም ክብረ ወሰን ሰበረ። አንገት የሚቀላበት ፊልም ነው፤ ለአምስት ዓመት ልጅ አታሳዩት። የቻይናው «ነ ዣ 2» ደግሞ በ2025 ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ በአኒሜሽን ታሪክ አንደኛ ሆነ። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ከቻይና የመጣ ነው። ሰው ለአዲስ ዓመት በዓል ቤተሰቡን ይዞ በሚወጣበት ሰሞን፣ ከልጅነቱ የሚያውቀውን ተረት አቀረቡለት።

«ያከሰራቸው የኛ ፍላሽ ነው»

ባለሱቁ ይሄን እየሳቀ ነው ያለው፣ ትንሽም የኮራ ይመስላል። በስርቆት መቅዳት ጉዳት የለውም አልልም። እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ስለ ሌላው የመናገር መብትም የለኝም። ግን ያለፉት ዓመታት ትልቁ ጉዳት የመጣው ከራሳቸው ከስቱዲዮዎቹ ነው። ዲስኒ በኮሮና ጊዜ «ሶል»ን፣ «ሉካ»ን፣ ከዚያም በ2022 «ተርኒንግ ሬድ»ን አሜሪካ ውስጥ ሲኒማ ሳያሳይ በቀጥታ ቤት ለቤት በኢንተርኔት ለቀቃቸው። በ2021 የወጣው «ኤንካንቶ» በሲኒማ ቤት ብቻ የታየው ለአንድ ወር ነው፤ ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ዘፈኖቹን ሕፃን ሽማግሌው ማዜም የጀመረው ቤት ከገባ በኋላ ነው። ቤተሰቡ ትምህርቱን ወሰደ፦ ለአምስት ሰው ትኬት ከምገዛ ወር ልታገስ። «ላይትይር» ሲኒማ የገባው ሰው ይሄን ከለመደ በኋላ ነበር።

ፍላሹ ሞላ። የእህቴ ልጅ ምን እንዳስጫነ አየሁ፤ «ላይትይር»። ለሦስተኛ ጊዜ።

«ይሄ እኮ የከሰረው ነው» አልኩት።

«አላውቅም» አለ፣ «እኔ ሮቦቱን ድመት ነው የምወደው።»