ጊታሩ ለጣት እንዲቀል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክላሲካል ጊታር የጀመረ ሰው ጥቂት ሳምንት ሞክሮ «ጣቴ አልቻለም» ብሎ ሲተወው ማየት ያሳዝነኛል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጣቱ ሳይሆን ከልክ በላይ ከፍ ብለው የተቀመጡት ክሮች ነው። ይህን በማስመሪያ፣ በእርሳስና በብርጭቆ ወረቀት ቤት ውስጥ ማስተካከል ይቻላል። ግን ስለ ማስተካከያው የሚነገረው ሁሉ እውነት አይደለም።

«ጣት እስኪጠነክር መታገስ ነው እንጂ ጊታር አይነካም»

ጣት በልምምድ ይጠነክራል። ይሁንና መጀመሪያ ይለኩ፤ 12ኛው ፍሬት ላይ (ፍሬት አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ ነው፤ የሚቆጠረው ከመቃኛዎቹ በኩል ነው) ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር ያለው ክፍተት በቀጭኑ 1ኛ ክር 3 ሚሊሜትር፣ በወፍራሙ 6ኛ ክር 4 ሚሊሜትር አካባቢ ቢሆን ለአብዛኛው ተጫዋች ይስማማል። 5 ወይም 6 ካገኙ ጣትዎን አይውቀሱ።

«1 ሚሊሜትር ለማውረድ 1 ሚሊሜትር መሞረድ ነው»

የሚሞረደው ሳድል ነው፤ ብሪጁ (ጊታሩ ፊት ላይ የተለጠፈው፣ ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት) ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት የአጥንት ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ። 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ላይ ስለሚውል፣ ከሳድሏ ከተቀነሰው እዚያ የሚታየው ግማሹ ብቻ ነው። 1 ሚሊሜትር ለማውረድ 2 ሚሊሜትር መቀነስ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ክሮቹን ያላሉና ሳድሏን ያውጡ። የሚቀነሰውን ከታች በኩል በእርሳስ ያስምሩ፤ ብርጭቆ ወረቀቱን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ዘርግተው ቀጥ አድርገው ይፈግፍጉ። የላይኛውን ጠርዝ አይንኩ፤ ክሩ እንዲያርፍበት ተብሎ የተቀረጸ ነው። ሥሯ ከተንጋደደ ደግሞ ብሪጁ ላይ በደንብ ስለማትቀመጥ ድምፁ ይደክማል። ግማሹን ከቀነሱ በኋላ መልሰው ያስገቡ፣ ይቃኙ፣ እንደገና ይለኩ። እኔ የምመክረው ሁለተኛ ሳድል ገዝቶ እሷን መሞረድ፣ የመጀመሪያዋን ሳይነኩ ማስቀመጥ ነው። ሥራው ባያምር መመለሻ ይኖርዎታል።

ሳድሏ ከብሪጁ በላይ የቀራት ትንሽ ሆኖ ክሩ አሁንም ከፍ ካለ ግን ያቁሙ። ያ የአንገቱ አቀማመጥ ችግር ስለሆነ የባለሙያ እጅ ይፈልጋል።

«አንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት ማዞር ይበቃል»

አብዛኞቹ ክላሲካል ጊታሮች የሚዞር ብረት የላቸውም። ያላቸውም ቢሆኑ ብረቱ የአንገቱን ጉብጠት ያስተካክላል እንጂ ለክር ከፍታ የተሠራ አይደለም።

«ችግሩ ሁሉ ብሪጁ ጋ ነው»

ኤፍ ኮርድ (1ኛው ፍሬት ላይ ክሮቹን በአንድ ጣት አብሮ በመጫን የሚያዝ የድምፆች ጥምር) ላይ ብቻ የሚሰቃዩ ከሆነ ወደ መቃኛዎቹ በኩል ይመልከቱ። ክሮቹ በጭረቷ የሚያልፉባት ቁራጭ ነት ትባላለች። ክሩን 3ኛው ፍሬት ላይ ተጭነው 1ኛውን ፍሬት በቅርብ ይዩት፤ የሚቀረው ክፍተት የወረቀት ያህል ቀጭን መሆን አለበት። በጣም ከሰፋ ጭረቱ በበቂ አልጠለቀም። እዚህ ላይ ግን ከሳድሉ ይልቅ እፈራለሁ። ጭረቱ በትንሹም ቢሆን ከልክ በላይ ከጠለቀ ክፍት ክሩ ፍሬት እየመታ ዝዝ ይላል፤ መድኃኒቱም አዲስ ነት ነው ወይም ጭረቱን መሙላት። በክሩ ውፍረት ልክ የሆነ ሞረድ ከሌለዎት ለሠሪ ይስጡት።

«ክሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ይሻላል»

የናይለን ክር ሲመታ ከብረት ክር ይልቅ ሰፋ ብሎ ይርገበገባል፤ ቦታ ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ጊታርን ከፍታ እዚህ ለማምጣት የሚሞክር ሰው የሚያተርፈው ዝዝታ ነው።

«የብረት ክር ቀጭን ስለሆነ ይቀላል»

ይህ ጊታር የሚሰብር ምክር ነው። ስድስት የናይለን ክሮች ጊታሩን የሚስቡት በድምሩ 40 ኪሎ ግራም አካባቢ ሲሆን፣ የብረት ክሮች ግን ብዙውን ጊዜ ከ60 ያልፋሉ። የክላሲካል ጊታር ስስ ፊት ለዚያ አልተሠራም፤ ይጎብጣል፣ ብሪጁም ይነቀላል። ማቅለል ከፈለጉ ውጥረቱ ዝቅተኛ የሆነ የናይለን ክር ይግዙ። ዛሬውኑ የሚሆን ነገር ካሹም ሁሉንም ክር ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገው ይቃኙና 1ኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ያድርጉ። ቅኝቱ እንደነበረው ሆኖ የሚሰማ ሲሆን ክሩ ይለሰልሳል፤ የነቷ ከፍታም ከመንገድ ይወጣል። ምንም ሳይቆርጡ መሞከር ስለሚቻል ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቁመው ይህን ነው።

«አንዴ ከተለካ ተለካ»

እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ክሩም ከፍ ይላል፤ ሲደርቅ ይወርዳል። በእርጥብ ወቅት የሞረዱት ሳድል በደረቁ ወቅት ዝዝ ሊል ይችላል። ጊታሩን ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ባለው ክፍል ጥቂት ቀናት ካቆዩት በኋላ ለክተው ይሞርዱ።