የሪል ድራግ ምንድን ነው? ለምንስ ነው የምንቀይረው?

አሳ በሪል፣ ማለትም ዘንጉ ላይ በሚታሰረው የክር መጠቅለያ፣ የሚያጠምድ ሰው ሁሉ ድራግ የምትለዋን ቃል ይሰማል፣ ብዙው ግን እጀታው ስር ያለችውን ኮከብ የመሰለች ነገር ማጥበቂያ ናት ብሎ እስከ መጨረሻው ያጠብቃትና ይተዋታል። መኪና የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል፣ ድራግ ማለት የሪሉ ፍሪሲዮን ነው። አሳው በሀይል ሲጎትት ክሩ ከሚበጠስ ጥቅልሉ ሸርተት እያለ ክር ይለቅለታል፣ ግን በነፃ አይለቅም፣ አሳው እያንዳንዷን ሜትር በጉልበቱ ነው የሚገዛት፣ እንደዛ እያለ ይደክማል።

ውስጡን ስትከፍቱት ዋናው ማርሽ እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ ነው፣ እዛ ውስጥ ሮንዴላዎች ተደራርበዋል፣ አንድ ለስላሳ አንድ ብረት፣ እንደገና ለስላሳ እንደገና ብረት። ብረቶቹ ደግሞ ሁለት አይነት ናቸው፣ ጆሮ ያላቸው ከማርሹ ጋር ይዞራሉ፣ ጆሮ የሌላቸው በመሀል ቀዳዳቸው ከእጀታው ጋር ተቆልፈው ይቆማሉ። ኮከቧን ስታጠብቁ ሁሉም ይጨመቃሉ፣ ፍሬን የምትይዘው በመሀል ያለችው ለስላሳዋ ናት። ስፒኒንግ ሪል፣ ማለትም ክር ሲወረወር ጥቅልሉ የማይዞረው አይነት፣ ላይም ያው ነው፣ ሮንዴላዎቹ ያሉት ግን ጥቅልሉ አናት ላይ ካለችው ማጠንጠኛ ስር ነው። ይሄ ነገር ከመምጣቱ በፊት ሰው ጥቅልሉን በቆዳ ቁራጭ ላይ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ነበር የሚያቆመው፣ አሳው ሲሮጥ እጀታው ወደ ኋላ እየዞረ ጣት ይሰብር ነበር። ዊሊያም ቦሸን በፈረንጆቹ 1913 ካሊፎርኒያ ካታሊና ደሴት አጠገብ የመጀመሪያውን ሰይፍ አሳ በዘንግና በሪል ሲያወጣ ድራጉ ውስጡ የሆነ ሪል ነበር የያዘው።

አሁን ዋናው ነገር። ሪል ሲገዛ ሁሉም የሚጠይቀው ስንት ኪሎ ይይዛል ብሎ ነው፣ እኔ ግን የምጠይቀው አነሳሱ እንዴት ነው ብዬ ነው። ከባድ ቁምሳጥን ስትገፉ አስቡት፣ መጀመሪያ እንቢ ይላል፣ አንዴ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ግን ይቀላል። መጥፎ ድራግም እንደዛ ነው፣ ክር የሚበጠሰውም በዛች እንቢ ባለባት ሰከንድ ነው። እኔ አሜሪካ ቼሳፒክ የባህር ወሽመጥ ላይ ሮክፊሽ የሚሉትን አሳ ስይዝ ደርሶብኛል፣ ሰው የተጠቀመበት ሪል ነበር፣ ክረምቱን ሙሉ ድራጉን እንዳጠበቅኩት አስቀምጬው፣ አሳው ሲነክስ ዘንጉ ጎበጠ ሪሉ ግን ድምፁ አልተሰማም፣ ከዛ ጧ! ቤት ገብቼ ስከፍተው ለስላሳዋ ሮንዴላ፣ ፌልት ከሚባለው የተጠቀጠቀ ጨርቅ የተሰራችው፣ ጠቁራና ተጠፍጥፋ ብረቱ ላይ ተጣብቃለች፣ በካቻቪቴ ጫፍ ነው ያላቀቅኳት፣ ብረቱ ላይ ክብ የዝገት ማህተም ትታ ነበር። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም አሳው መንጠቆውን አፉ ውስጥ ይዞ ነው የሄደው።

ለዚህ ነው ፌልት በካርቦን ፋይበር የሚቀየረው። ካርቦን ሙቀት ይችላል፣ ተጨምቆ አይጠፈጠፍም፣ ፔን የሚባለው የሪል ኩባንያ HT-100 ብሎ ሪሎቹ ላይ የሚገጥመውም እሱ ነው፣ ለሌሎቹም በልኩ ተቆርጦ ይሸጣል። ስትቀይሩ ሮንዴላዎቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ፎጣ ላይ ደርድሩና በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ብረቶቹን በአልኮል ጥረጉ፣ ዝገት ካለ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንጥፋችሁ ቀስ ብላችሁ እሹት። ከዛ ግራሶ፣ ግን ለድራግ የተሰራውን፣ የኩሽኔታ ዘይት ወይም የመኪና ግራሶ በጭራሽ አይነካው። ካርቦኗን በጣታችሁ ቀብታችሁ ትርፉን ጥረጉት፣ ወዝ ብላ ከታየች በቂ ነው። ካርቦን ደረቁንም ይሰራል፣ ግን ግራሶው ውሃ እንዳይገባ ያደርጋል፣ አነሳሱንም ለስላሳ ያደርገዋል፣ ለዚህ ሲባል ትንሽ ጉልበት ቢቀንስ እኔ አይቆጨኝም።

ልኩስ? የክሩን አቅም ሩብ ያዙ፣ ቢበዛ ሲሶ ቢጠጋ ነው። ባለ 20 ፓውንድ ክር ወደ 9 ኪሎ ይይዛል፣ ሩቡ ከ2 ኪሎ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ሚዛን ባይኖራችሁም ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልታችሁ ክሩ ላይ እሰሩና ሪሉን በእጃችሁ ወደ ላይ አንሱት፣ ጠርሙሱ ሳይንገጫገጭ በቀስታ ከወረደ ልክ ነው፣ ቆም ብሎ ዘጭ ካለ ገና አልተስተካከለም። በዘንጉ ቀለበቶች አልፎ ሲሆን ደግሞ ሰበቃው ስለሚጨመር ይጠብቃል። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ክሩ ብዙ ሲወጣ ጥቅልሉ ይቀጥናል፣ ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ማንም ኮከቧን ሳይነካት ክሩ ላይ ያለው ጫና እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አሳው ሩቅ ከሮጠ ድራጉን ማላላት ነው እንጂ ማጥበቅ አይደለም! ሰው ግን ደንግጦ ያጠብቃል። ጫሞ ላይ ነጭ አሳ፣ ናይል ፐርች የምንለውን ለመሞከር ሪል ይዛችሁ አርባ ምንጭ የምትወርዱ ይቺን አትርሱ፣ የዚህ አሳ የዓለም ሪከርድ በ2000 ግብፅ ናስር ሀይቅ ላይ የተያዘ 104 ኪሎ ነው፣ እንደዛ አይነት ጉልበት ይዞ ሲሮጥ ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም።

ከባህር ስትመለሱ ድራጉን አጥብቃችሁ በቀስታ በሚወርድ ውሃ እጠቡት፣ በሀይለኛ ቱቦ ከሆነ ጨዉን ወደ ውስጥ ነው የሚያስገባው። ከደረቀ በኋላ ኮከቧን እስክትላላ ፍቱና እንደዛው አስቀምጡት።