ለፋሲካ ሙሉ ዶሮ በኦቭን፦ የሚባለውና እውነቱ

ዶሮ ወጡን የሚነካው የለም። ግን በርበሬ የሚያቃጥላቸው ልጆች ካሉ፣ ወይም ከውጭ የመጣ ዘመድ «ተርኪ» (ከዶሮ የሚተልቀውን የፈረንጅ ወፍ) እያለ ከናፈቀ፣ ከወጡ ጎን ሙሉ ዶሮ መጥበስ ይመጣል። ምክሩም ከየጎረቤቱ ይጎርፋል። ብዙው ግን ልክ አይደለም።

«በሎሚና በጨው ሙልጭ ተደርጎ ከታጠበ ንጹህ ነው»

ሎሚ ጠረኑን ያጠፋል። ሳልሞኔላ የሚባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ግን አይገድልም፤ የሚገድለው እሳት ነው። ቧንቧ ከፍተን ስናጥበው ደግሞ ውሃው እየተፈናጠቀ አጠገቡ ያለውን ሰላጣ ይበክላል። እናቶቻችንን «ዶሮ አትጠቡ» የምል ደፋር አይደለሁም። ሳፋ ውስጥ በቀስታ ይታጠብ፤ ሰላጣው ቀድሞ ከአካባቢው ይነሳ፤ በኋላ ሳፋውም እጅም በሳሙና ይታጠብ። ዶሮው ወደ ኦቭን ሲገባ ቆዳው ደረቅ ይሁን። እርጥብ ቆዳ አይቀላም።

«ከፍሪዘር ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይደር፣ በረዶው ይለቃል»

በድሬ ሚያዝያ? አቦ ተዉኝ! ባክቴሪያ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት እንደ ልቡ ይራባል። ጥሬ ሥጋ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ አየሩ 32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ። መሃሉ ገና በረዶ ሆኖ ላዩ ይበላሻል። ቅዳሜ የሚጠበስ ዶሮ ሐሙስ ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ይውረድ። 5 ኪሎ የሚመዝን ተርኪ ከሆነ ከ2 ቀን በላይ ይፈልጋል።

«የሐበሻ ዶሮ ከሆነ ጥብሱም ይጥማል»

ጣዕሙን አልክድም። ችግሩ ጅማቱ ነው። እየሮጠ ያደገ፣ ዕድሜው የገፋ አውራ ዶሮ የሚለሰልሰው በእርጥበት ውስጥ ረጅም ጊዜ በዝግታ ሲበስል ነው፤ ዶሮ ወጥም የሚሰጠው ይህንኑ ነው። ደረቅ ኦቭን ውስጥ ግን ደረቱ ይደርቃል፣ ታፋው ጎማ ይሆናል። ስለዚህ ከከፊራ ገበያ ተከራክረው ያመጡትን ቀይ አውራ ለወጡ ይተዉት፤ ለኦቭኑ ለጋ የፈረንጅ ዶሮ ይሻላል። የግድ ሐበሻ ነው ካሉ፣ መጀመሪያ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ተከድኖ እስኪለሰልስ ይቀቀል። ኦቭኑ መጨረሻ ላይ ቆዳውን ለማቅላት ብቻ ይሁን።

«ቆዳው ከቀላ በስሏል፤ አጥንቱ ጋ ቀይ ከታየ ጥሬ ነው»

ሁለቱም አያስተማምኑም። ቅቤና ማር የተቀባ ቆዳ ውስጡ ሳይበስል ይቀላል። በለጋ ዶሮ ደግሞ የአጥንቱ መቅን ወደ ውጭ ስለሚሰርግ፣ የበሰለ ሥጋም አጥንቱ ጋ ቀላ ሊል ይችላል። እርግጡን የሚናገረው ቴርሞሜትር ነው፦ አጥንት ሳይነካ ታፋው ወፍራም ቦታ ላይ ሲሰካ 74 ዲግሪ ማሳየት አለበት። 1 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ዶሮ በ180 ዲግሪ ከ1 ሰዓት ከሩብ እስከ 1 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል።

«በየ10 ደቂቃው ስብ ካልፈሰሰበት ይደርቃል»

ስቡ ከቆዳው አልፎ ሥጋው ውስጥ አይገባም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ሙቀቱ ይወርዳል። ይልቅ ሲወጣ 15 ደቂቃ ይረፍ፣ ከዚያ ይቆረጥ።

«ማታ ጠብሼ ኦቭኑ ውስጥ እተወዋለሁ፤ ከቅዳሴ ስመለስ አሞቀዋለሁ»

በጣም የምፈራው ይሄኛውን ነው። የጠፋ ኦቭን ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል፤ ለባክቴሪያ ከዚህ የተመቸ ቤት የለም። አንዳንዱ ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ ደግሞ እንደገና ቢሞቅም አይጠፋም። ቅዳሜ ማታ ከተጠበሰ በየብልቱ ተቆራርጦ፣ በሰፊ ሳህን ተዘርግቶ ፍሪጅ ይግባ፤ ሌሊት ሲመለሱ ውስጡ ድረስ እስኪፋጅ ይሙቅ።

መብራት መሃል ላይ ከሄደስ? «ይመጣል» ብሎ መጠበቅ የለም። ዶሮው ወዲያው ይቆራረጥ፣ ትንሽ ውሃ ጠብ ተደርጎበት ድስት ውስጥ ይከደን፣ ከሰል ላይ ይጨረስ። መልኩ እንደታሰበው ባያምርም ፍስኩ አይቀርም።