ቲ-ቴስት ምንድን ነው? የቱንስ እንምረጥ?

ቲ-ቴስት በሁለት አማካዮች (ወይም በአንድ አማካይና አስቀድሞ በታወቀ ቁጥር) መካከል የታየው ልዩነት ከአጋጣሚ ያለፈ መሆን አለመሆኑን የምንመዝንበት ስሌት ነው። ልዩነቱን እንይዝና ለስታንዳርድ ኤረሩ እናካፍላለን፤ ይኸውም ልዩነቱ በአጋጣሚ ብቻ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚነግረን ቁጥር ነው። የሚወጣው ቲ ከዜሮ በራቀ መጠን «እንዲያው የገጠመ ነው» ብሎ ማለፍ ይከብዳል። ስሌቱን ያወጣው በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዊልያም ጎሴት ነው። በእጁ የነበረው ጥቂት ናሙና ብቻ ስለነበር ለጥቂት ናሙና የሚሆን ዘዴ አበጀ፤ እ.ኤ.አ. በ1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም አሳተመው።

ዓይነቱ ሦስት ነው። 50 ኪሎ ተብለው ኮምቦልቻ መጋዘን የገቡ ከረጢቶች በአማካይ እውነት 50 ይመዝኑ እንደሆነ ለማወቅ የአንድ ናሙና ቲ-ቴስት ይበቃል። ቆቦ ላይ የተሻሻለ የማሽላ ዘር የዘሩ ገበሬዎችን ምርት የአካባቢ ዘር ከዘሩ ሌሎች ገበሬዎች ምርት ጋር ለማወዳደር ኢንዲፔንደንት የሚባለው ነው የሚያስፈልገው። ያንኑ ሰው ወይም ያንኑ ከብት ሁለት ጊዜ ከለካን ደግሞ ፔርድ ነው።

ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበላሸው በኋለኞቹ ሁለት መካከል ነው። ወረኢሉ ላይ 10 በጎች ተመዝነው የፋጉሎና የፍሩሽካ ቅልቅል ተሰጣቸው እንበል። ከወራት በኋላ ሲመዘኑ በአማካይ 3 ኪሎ ጨምረዋል፤ የጭማሪው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ማለትም የየበጉ ጭማሪ ከአማካዩ የሚርቅበት የተለመደ መጠን፣ 4 ኪሎ ነው። 4ን ለ10 ስኩዌር ሩት ስናካፍል ስታንዳርድ ኤረሩ 1.26 ይመጣል፤ 3ን ለዚያ ስናካፍል ቲ 2.37 ይሆናል። በ9 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (ከበጎቹ ቁጥር አንድ ሲቀነስ) የቲ ሰንጠረዥ የሚጠይቀው 2.262 ስለሆነ፣ በተለመደው የ0.05 መለኪያ (ለውጥ ባይኖር ይህን ያህል ልዩነት የማየት ዕድሉ ከ5 በመቶ በታች ሲሆን) ልዩነቱ አለ።

እነዚሁ ቁጥሮች በስህተት ኢንዲፔንደንት ውስጥ ቢገቡስ? በሁለቱም ምዘና የበጎቹ ክብደት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 5 ኪሎ ከሆነ፣ ስታንዳርድ ኤረሩ 2.24፣ ቲ ደግሞ 1.34 ብቻ ይሆናል፤ በ18 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (ከየቡድኑ 10 አንድ አንድ ሲቀነስ) የሚፈለገው 2.101 ነበር። ልዩነቱ ጠፋ! የጠፋበት ምክንያት፣ አንዱ በግ ከመጀመሪያውም ትልቅ ሌላው ትንሽ መሆኑ ስሌቱን ስላደናገረው ነው። ፔርድ እያንዳንዱን በግ ከራሱ ጋር ስለሚያወዳድር ያንን ያስወግዳል። ስለዚህ የቴስቱ ዓይነት የሚወሰነው መረጃው በተሰበሰበበት መንገድ ነው። ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ሁለቱንም ሞክሮ ፒ-ቫልዩ (ትርጉሙ ቀጥሎ አለ) ያነሰበትን መውሰድ፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ማጭበርበር ነው።

ፒ-ቫልዩም በደንብ ይነበብ። 0.04 ማለት «መኖው የመሥራቱ ዕድል 96 በመቶ ነው» ማለት አይደለም። ምንም ለውጥ ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት የማየት ዕድሉ 4 በመቶ ነው ማለት ነው።

የሁለቱ ቡድኖች መዋዠቅ የተራራቀ ሲሆን መዋዠቃቸው እኩል ነው ብሎ የማይነሳው፣ የዌልች የሚባለው የኢንዲፔንደንት ዓይነት ይሻላል፤ እንዲያውም ኢንዲፔንደንት በሠራችሁ ቁጥር እሱኑ ብትጠቀሙ አትጎዱም። ናሙናው ትንሽ ከሆነ አንድ ከመጠን ያለፈ ሙክት አማካዩን ሊጎትተው ስለሚችል ቁጥሮቹን በግራፍ ማየት ይቀድማል። ቡድኖቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ቲ-ቴስት ደጋግሞ መሥራት የሐሰት ግኝት ያበዛልና ብዙ አማካዮችን በአንድ ጊዜ ወደሚያወዳድረው አኖቫ ይኬዳል።

ወደ በጎቹ ስንመለስ ገና አንድ ነገር ይቀራል። ጠቦት ከሆኑ ያለ ቅልቅሉም በነዚያ ወራት ማደጋቸው አይቀርም፤ ፔርድ ቲ-ቴስቱ መጨመራቸውን እንጂ ያስጨመራቸውን አይናገርም። የመኖውን ውጤት የሚፈልግ ሰው 20 በጎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን በተለመደው ግጦሽ ትቶ፣ የሁለቱን ቡድን ጭማሪ ያወዳድራል። ያን ጊዜ ትክክለኛው ኢንዲፔንደንት ይሆናል።