ሲሚንቶ የበረት ቋሚን አያድንም

ደሴም ልሥራ ኮምቦልቻ፣ የእንጨት በረት ወይም የጭድ መጋዘን ላቆም ስሄድ ባለቤቱ የሚለኝ አንድ ነው፦ «ጉድጓዱን ሲሚንቶ ሙላበት፣ ከዚያ ማን ይነካዋል!» ስለ መበስበስ ማስረዳት ስጀምር ደግሞ «አታካብድ» እባላለሁ። እሺ፣ ዛሬ ላካብድ።

ቋሚው አፈር ውስጥ በሚተከልበት ሥራ ሌላ መሠረት የለም። የጣሪያውን ክብደትም የነፋሱን ግፊትም የሚችለው ቋሚው ነው። እሱ ከሄደ ሁሉም ሄደ።

ገበያ ላይ የምናገኘው ባሕር ዛፍ አብዛኛው እርጥብ ነው። ከተተከለ በኋላ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይቀጥናል። በእንጨቱና በሲሚንቶው መካከል ስስ ክፍተት ይፈጠራል። ክረምት ሲገባ ውሃው ቋሚውን ይዞ ወርዶ እዚያው ይጠራቀማል። ከሥርም ሲሚንቶ ከፈሰሰ መውጫ የለውም። እንጨቱ ብርጭቆ ውስጥ እንደቆመ አበባ ይሆናል። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ደግሞ እርጥበትም አየርም ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያገኘው ከመሬቱ ወለል አካባቢ፣ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ወደታች ነው። ስለዚህ ቋሚ የሚቆረጠው ከአንገቱ ነው።

ሐይቅ አካባቢ አንድ የማድለቢያ በረት እንዳይ ተጠርቼ ነበር። ቋሚዎቹ ከላይ ሲታዩ ምንም አልሆኑም። ቢላዋ ከወለሉ ጥግ ስሰካ እስከ እጀታው ገባ። ባለቤቱ «ሲሚንቶው እኮ ደህና ነው» አለኝ። አዎ፣ ሲሚንቶውማ ደህና ነው።

ምን ይሻላል? ቋሚውን አፈር ውስጥ የምትተክሉ ከሆነ ከሥሩ ጠጠር አድርጉ፤ ዙሪያውን በድንጋይና በጠጠር እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ። አፈሩን ከቋሚው ወደ ውጭ ተዳፋት አድርጉት። የከብቱ ሽንትም ወደ ቋሚው አይፍሰስ፣ ቦይ አውጡለት። ከዚህ የተሻለው ግን ኮንክሪቱን ከወለሉ ከፍ አድርጎ ማውጣትና ቋሚውን በፍላት (ጠፍጣፋ) ብረት ከላዩ ማሰር ነው። ምስጥ ቢወጣ እንኳ የጭቃ መንገዱን ኮንክሪቱ ላይ ታዩታላችሁ። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ እንዲህ የቆመ ቋሚ በአፈር አልተያዘም፣ ያለ ሰያፍ ድጋፍ ይወዛወዛል።

ከሲሚንቶው ሌላ የምሰማቸውም አሉ። «የተቃጠለ ዘይት ቀብተነዋል።» ዘይቱ ላዩን ነው የሚቀረው። እንጨቱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ምስጡም እርጥበቱም በስንጥቁ ይገባል። ወደ ሞቃታማዎቹ ከሚሴና ባቲ ስትወርዱ በዚህ መተማመን ጨርሶ አይሆንም። የመብራት እንጨት የሚከርመው መድኃኒቱ በግፊት ወደ ውስጥ ስለገባ ነው። እንዲህ የታከመ እንጨት ካገኛችሁ ደግሞ የቆረጣችሁትን ጫፍ ወደ ጉድጓድ አትክተቱ። ያልታከመው ሆዱ የተገለጠው እዚያ ነው።

«ጽድ ከሆነ ችግር የለም።» ቀዩ ልቡ እውነትም ጠንካራ ነው፤ ነጩ ዳሩ ግን ይበላል። ለመሆኑ ከየት ልታመጡት ነው?

«ቅርፊቱ ይጠብቀዋል።» ልጡት። እርጥበትና ነፍሳት የሚሸሸጉት እሱ ሥር ነው።

«ከውርጭ መስመር በታች ቆፍር።» የውርጭ መስመር አፈሩ በብርድ በረዶ የሚሆንበት ጥልቀት ነው፤ ምክሩ ከቪዲዮ የመጣ ነው። በረትን አፈር ውስጥ በተተከለ ቋሚ የማቆም አሠራር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ ተስፋፋ፤ እዚያ ብርዱ በሚበረታበት አገር የአፈሩ ውሃ በረዶ ሆኖ ቋሚውን ወደ ላይ ይገፋዋል። የእኛ መሬት በረዶ አይሠራም። የእኛ ጣጣ ዋልካ አፈር ነው፦ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ የሚያልቅበትን አፈር እስክታገኙ ቆፍሩ። በደህና አፈርም ቢሆን ከ1 ሜትር ባነሰ ጥልቀት አልተክልም።

«ነፋስ ጣሪያውን የሚጫን ነው።» የለም፣ ያነሣዋል። ጎኑ ክፍት የሆነ በረት ላይማ ነፋሱ ከሥር ገብቶ ነው የሚነቅለው። ወራጁን (ጣሪያውን የሚሸከመውን እንጨት) ከቋሚው ጋር በምስማር ብቻ የምትመቱ ሰዎች ቦሎን ግዙ። የቆርቆሮውን ምስማር ደግሞ ጉብታው ላይ ምቱ፤ ቦዩ ውስጥ ከመታችሁት ዝናቡ በእሱ ይገባል።