የፊንላንድ ዜግነትና የዩኪ ፈተና፦ አራቱንም ማለፍ ግድ ነው?

የፊንላንድኛ ኮርስ ጨርሰው ሰርተፊኬቱን ይዘው ዜግነት ሊያመለክቱ የሚሮጡ አሉ። የኮርስ ወረቀት ግን ለዚህ አይበቃም። አብዛኛው ሰው የሚያቀርበው ዩኪ የተባለውን ብሔራዊ የቋንቋ ፈተና ውጤት ነው፤ የሚፈለገውም ደረጃ 3 ነው።

ፈተናው መናገር፣ መጻፍ፣ ማዳመጥና ማንበብ አለው። ብዙዎች አራቱንም ካላለፍኩ አለቀልኝ ይላሉ። አያልቅም! ሁለቱ ይበቃሉ፤ ግን እንደፈለጉ አይጣመሩም። መናገር ከመጻፍ፣ ማዳመጥ ከመጻፍ፣ ማንበብ ከመናገር ጋር ያስኬዳል። ማዳመጥና ማንበብ ብቻ ከሆነ አይሆንም። መናገርና ማዳመጥም እንዲሁ፤ ሁለቱም የቃል ናቸዋ። መጻፍ አልገባ ያለው ሰው እንግዲህ ንባቡንና ንግግሩን ጠበቅ ያድርግ።

ሲመዘገቡ መካከለኛውን ፈተና ይምረጡ። መሠረታዊውን ከወሰዱ የቱንም ያህል ቢሠሩ ከ2 አያልፍም።